የአማቴ በጎችና የእኔ ክፍል

የአማቴን በጎች መንከባከብ የጀመርኩት ለራሴ ስል ነው። ኋላ ላይ ደግ ሰው መስዬ እንዳልታይ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል።

ደብረ ታቦር የምንኖርበት ቤት ከሁለቱ ክፍሎች ሌላ በጓሮ በኩል የተቀጠለች አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ያቺን ክፍል ለስፌት ማሽኔ አስቤያት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው ዳር በተከራየሁት ሱቅ ውስጥ፣ ደጃፌ ላይ ሰው እየተገፋፋ፣ አቧራ እየቃምኩ ስሰፋ ዓመታት አልፈዋል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መስኮቴ ስር ቁጭ ብዬ መስፋት ምኞቴ ነበር። ባለቤቴ ግድግዳዋን ኖራ ቀብቶልኝ ገና ሳይደርቅ ግን የእናቱ ነገር መጣ።

አማቴ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚያወጣው አቀበት ላይ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። መሬታቸውን ሌላ ሰው እኩል ያርስላቸዋል፤ የእኔ የሚሉት፣ ጠዋት ከመኝታ የሚያስነሳቸው ነገር በጎቻቸው ናቸው። ከአሥር አይበልጡም፤ አብዛኞቹ እናት በጎች ናቸው። ቀን ቀን ከጎረቤታቸው ከአንድ ሽማግሌ በጎች ጋር አብረው ይሰማራሉ፤ ሲመሽ ወደ አማቴ ቤት ይመለሱና ከመደቡ ግርጌ በተከለለችው ጋጣ ያድራሉ። አማቴ ትንፋሻቸውን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለበዓል እኛ ዘንድ ሲያድሩ ጠዋት የሚነሱት ዓይናቸው ቀልቶ ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ መስከረም ሳይጋመስ ቀጥ አለ። ገብሱ ገና ወተት እንደያዘ ውርጭ መታው። በማለዳ ማሳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ ይቀልጥና ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይተኛል። ገብስ ከሌለ ገለባ የለም። ገለባ ከሌለ ደግሞ በግ እስከ ሰኔ በምን እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው የለም። አማቴን በዚያው ሰሞን ሳል ያዛቸው፤ ወገባቸውንም ያማቸው ጀመር። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ፣ ተመካከሩና እናታችን ከእንግዲህ ከተማ ትግባ አሉ። የታላቅየው ቤት በልጆች የተጨናነቀ ስለሆነ እኛ ዘንድ፣ በዚያችው በጠባቧ ክፍል እንዲቀመጡ ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ይህንን ለመንገር ኅዳር ላይ አብረን ሄድን። አማቴ እሳት ዳር ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ብቻ ጎረቤታቸው ሽማግሌው ይጠሩልኝ አሉ። ሽማግሌው መጥተው መደቡ ላይ ከተቀመጡ በኋላ አማቴ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ።

«ክፉ እንዳላሰባችሁልኝ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ግን በጎቼን በትኜ አልሄድም። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡኝ። ይኼን ብርድና ይኼን ረሃብ በጎቼ ካለፉልኝ ከቤቴ አትንቀሉኝ። ብርድና ረሃብ ከጨረሳቸው ደግሞ ማንም ሳይጎትተኝ ማታ የምለብሰውን ባናዬን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ምስክር ሆኑ፤ ልጆቹም እጅ መትተው ተስማሙ። የእኛ አገር ሰው ከእናቱ ጋር እንኳ ያለ ምስክር አይዋዋልም። ስንወጣ ታላቅየው ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ ግዴለህም፣ ጥምቀት ሳይደርስ ያልቃሉ ሲለው ሰማሁት። እኔም እዚያው አቀበቱ ላይ ቆሜ ወገኔን መረጥኩ። በጎቹ ከተረፉ ክፍሌ ተረፈች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ከዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ፉርሽካ በማዳበሪያ እገዛና መንገዱ እስከሚፈቅድ ድረስ በባጃጅ፣ የቀረውን በሽማግሌው አህያ አደርሰዋለሁ። የባጃጅ ነጂዎቹ ልብስ ሰፊዋ በግ አርቢ ሆነች እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ለእናቱ ያለኝ ፍቅር አስገርሞት ለጓደኞቹ ያወራ ጀመር። እኔም አላረምኩትም።

በመጀመሪያው እሑድ በጎቹን ከጋጣው ደጃፍ ቆመው ሳያቸው፣ ምነው ደህና አይደሉ እንዴ፣ እንደውም ወፍረዋል አልኩ። አማቴ እጄን ያዙና የአንዲቱን ጠጉር ሰንጥቀው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። የአከርካሪዋ አጥንት አንድ በአንድ ይዳሰሳል። ጣቶቼ በጎድኖቿ መካከል ገቡ። ወፍራም ካፖርት የለበሰን ሰው ውስጡ ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ መገመት እንጀራዬ ነው፤ በግ ግን ሸወደችኝ። ጠጉሩን ሳብ ባደርገው ደግሞ ያለ ምንም ትግል እፍኝ ሙሉ ተነቅሎ መጣ። በግ ሲርባት ጠጉሯ ሥር እንደማይዝ ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ጀርባቸውን መዳሰስ ሆነ።

ብርዱ ታኅሣሥ ላይ በረታ። ውርጭ ያለበትን ሣር ከጋጡ ያስቀምጣቸዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ጠንከር እስክትል በጋጣ መቆየት አለባቸው። ዘግይተው ሲወጡ ደግሞ የሚግጡበት ሰዓት ያጥራል። ያቺው የጋጧት ሥጋ አትሆናቸውም፤ ሲበርዳቸው ሰውነታቸውን ስታሞቅ ታልቃለች። የራባት በግ ብርድ አትችልም፤ የበረዳት በግ ደግሞ ቶሎ ይርባታል። አማቴ ይህንን ሲነግሩኝ ስለ በግ እያወሩ ይሁን ስለ ራሳቸው አልለየሁትም፤ እሳቸውም በዚያ ሰሞን የሚበሉት ትንሽ ነበርና።

ከበጎቹ አንዷ በዚያው ወር ወለደች። እሑድ ስለነበር ደረስኩባት። አማቴ ግልገሉን ከነእርጥበቱ በነጠላቸው ጠቅልለው እሳት ዳር አሹት። ተንቀጥቅጦ ተነሣ፤ የእናቱንም ጡት ፈልጎ አገኘ። ሲስበው የሚወርድ ነገር ግን አልነበረም። የፈላ ወተት አብርደን በጣታችን ብናስልሰውም አልቆየም፤ ከሰዓት በኋላ ሞተ። አማቴ እጃቸውን ታጠቡና በይ እናቲቱን እንያት አሉኝ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ ለክፍሌ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት የግልገሉን አፍ ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ አልቆም ሲለኝ ነው።

ቀጥሎ ሳል መጣ። ሁለት በጎች ዓይናቸው ፈዞ፣ አፍንጫቸው በንፍጥ ተደፍኖ ከጋጣው መውጣት አቃታቸው። የእንስሳት ሐኪሟን ለምኜ ከከተማ ይዣት ወጣሁ። መርፌ ወጋቻቸው፤ ለሁሉም የትል ኪኒን አጠጣች። ጋጣውን አይታ መሬቱ ይድረቅ፣ ጭድ ይጎዝጎዝ፣ ጭሱና የሽንቱ ሽታ መውጫ ያግኝ አለች። ውኃቸውን ለብ አድርጋችሁ ስጧቸው አለች። ከሁሉ በላይ አጥብቃ የነገረችን ስለ ምግቡ ነው፦ እንዲህ ከስተው ሳሉ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳናበላቸው፣ በተለይ እህልና እህል ነክ ነገር በትንሽ በትንሹ እየጨመርን እንድናለምዳቸው። አማቴ ይህን ያውቁት ነበር። ልጅ ሳሉ የራበው በሬ ሽምብራ ማሳ ጥሶ ገብቶ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት ማየታቸውን ነገሯት።

እኔም በበኩሌ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የሚያስሉትን በጎች እንደ ደንበኛ በሜትር ለካኋቸው፤ አንገት፣ ደረት፣ ወገብ። በማዳበሪያ ጨርቅ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ገበር አድርጌ፣ ሆዳቸው ስር በማሰሪያ የሚታሰር ልብስ ሰፋሁላቸው። ሲለብሱት መንደሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣ ለእኔ ሱሪ ስትሰፊልኝ ኪሱን አሳጠርሽው፣ ለበግ ግን እንዴት ያለ ስፌት ነው አሉኝ። ሳሉ ግን ቀነሰ። ለሌሎቹም ሰፋሁ። አማቴም ማታ ማታ እየዞሩ ማሰሪያቸውን ሲያጠብቁላቸው፣ ልጆች እያስተኙ ይመስሉ ነበር።

በጥር መግቢያ ላይ ጀርባቸውን ስዳስስ አጥንቱ እንደ በፊቱ እጄን አልወጋኝም። ጠጉሩም ስስበው እንቢ ማለት ጀመረ። በእሑዶቹ መካከል እንኳ ልቤ እዚያ ነበር፤ ልብስ እየሰፋሁ ሰማዩ ጠርቶ ካየሁ ዛሬ ውርጭ ይወርድባቸዋል እያልኩ እጨነቃለሁ። አማቴን ደግሞ ያን ጊዜ ነው የለመድኳቸው። አሥር ዓመት ምራታቸው ሆኜ ከጤና ይስጥልኝ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ጋጣ ስንጠርግ፣ ፉርሽካ በውኃ ስናርስ፣ ሳናስበው ማውራት ለመድን። ምላሳቸው እንደኔው ስለታም መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ስለ ትልቁ ልጃቸው የሚሉትን ብጽፈው ያጣላኛል።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም፣ የማኅበር ተራው የአማቴ ነበር። ያ ክፉ ዓመት ቢሆንም ተራ አይታለፍም። ጠላ ጠመቁ፤ ዳቦ ደፉ፤ ያለችውን ገብስ ቆሎ አደረጉ። እኔም ሄጄ ሳስተናግድ ዋልኩ። ቄሱ ጸበል ጻዲቁን ባርከው፣ ሰው በልቶና ጠጥቶ፣ መርቆ ተበተነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ወረድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ስልክ ደወሉልኝ። ነይ፣ ከቻልሽ ሐኪሟን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሐኪሟን ይዤ ስደርስ በጎቹ ደጃፉ ላይ ተኝተዋል። የግራ ጎናቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፤ ዓይናቸው ሩቅ ነው። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠው የአንዷን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ገንዳው ውስጥ ትርፍራፊ አለ፦ የጠላው አተላ፣ የተፈረፈረ ዳቦ፣ ቆሎ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

የኑግ ዘይት አጠጣናቸው፤ ሆዳቸውን አሸንላቸው፤ ሊነሱ የሚችሉትን እየደገፍን አንቀሳቀስናቸው። ሐኪሟም የምትችለውን አደረገች። እስከ ማታ አምስቱ ሞቱ። አራቱ ብቻ ተረፉ፤ እነሱም በጣም ደካሞቹ ነበሩ። ጠንካሮቹ ገፍትረዋቸው ወደ ገንዳው ስላልደረሱ ነው የተረፉት። ከመቀበራቸው በፊት ከሞቱት ላይ የሰፋሁትን ልብስ አንድ በአንድ ፈታሁ። ያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ እንደሱ የከበደኝ የለም።

አማቴን ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ናቸው ራሳቸው የተናገሩት፣ እኔን ሳያዩ፣ ገንዳውን እያጠቡ።

«ቤቴ የመጣ ሁሉ በማርያም ስም ጠግቦ ሄደ። እነሱ ግን በዚያ በኩል ቆመው ያዩኛል። ከመስከረም ጀምሮ በእፍኝ እያታለልኩ ነው ያኖርኳቸው። አውቃለሁ፤ ትንሽ ትንሽ እንደተባለ አውቃለሁ። አንድ ቀን፣ በእሷ ቀን እንኳ ይጥገቡ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

 አጠገባቸው ተንበርክኬ ገንዳውን አብሬ አጠብኩ።

እሑድ ልጆቹ መጡ። ሽማግሌውም ምስክር ነበሩና ተጠሩ፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። አማቴ ባናቸውን አጥፈው በገመድ አስረው ከጎናቸው አኑረውት ነበር። ታላቅየው ውሉ ግልጽ ነው፣ በጎቹ አልቀዋል፣ እናታችን ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ትውረድ አለ። በክፋት አልነበረም፤ የእናቱ ሳል እውነትም ያሳስበው ነበር። አማቴም ቃሌ ቃል ነው፣ አላጥፍም አሉ። ሲሉት ግን ዓይናቸው ወደ ጋጣው ሄዶ ቀረ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ምራት አፏን አትከፍትም። እኔ ግን ተነሣሁ።

«አባቴ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር» አልኳቸው ሽማግሌውን። «ውሉ ሲታሰር ነበርኩ። የተባለው ብርድና ረሃብ ከጨረሳቸው ነው። ብርድ አልገደላቸውም፤ ልብስ ለብሰው ነበር። ረሃብም አልገደላቸውም። የሞቱት በጥጋብ ነው። ስለ ጥጋብ ደግሞ የተዋዋልነው ነገር የለም።»

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። ታላቅየው ግን ሞኝ አይደለም። ጠግባ የከረመች በግ አተላ ብታገኝ ቀማምሳ ትተወዋለች፣ እነዚህ ግን ከመስከረም ጀምሮ ባዶ የኖሩ ስለሆነ ነው እስኪሞቱ የበሉት፣ ስለዚህ የገደላቸው ረሃቡ ነው፣ አተላው ሰበብ ነው ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው። ሐኪሟም ያለችው ይህንኑ ነበር። እኔም ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ታላቅየውን ቀና ብለው አዩት።

«እሺ፣ እንዳልከው ረሃብ ነው እንበል። ከኅዳር ጀምሮ ካንተ ቤት ስንት ሸክም ገለባ ወጣ? ይቺ ልጅ ስታመላልስ አይቻለሁ፤ አንተን አላየሁም። ረሃብ ነው ብዬ ከፈረድኩ እናትህ ብቻዋን አትረታም፣ አንተም ትረታለህ። ጥጋብ ነው ካልኩ ማንም አይረታም። የቱን ልፍረድ?»

ታላቅየው እናቱን አየ፤ ባናውን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

«ጥጋብ ይሁን» አለ።

ሽማግሌው እንግዲያውስ ውሉ እስከ ፋሲካ እንደጸና ነው አሉ፤ ሁለቱም ወንድማማቾች በሚመጣው ሳምንት ድርቆሽ እንዲያመጡ አዘዙና ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወንዶቹ የተረፉትን በጎች ለማየት ወደ ጋጣው ገቡ። ታላቅየው የአንዷን ጀርባ በእጁ ሲዳስስ ከውጭ አየሁት።

እኔና አማቴ ደጅ ቀረን። የባናቸውን ገመድ መፍታት ጀመሩ፤ ቋጠሮው ጠብቆባቸው ስለነበር አገዝኳቸው። እጄን ያዙኝ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የተሟገትሽው ለእኔ ነው ወይስ ለክፍልሽ?»

ስለ ክፍሏ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አላስዋሸኝም።

«ኅዳር ላይ ለክፍሌ ነበር» አልኳቸው። «ዛሬ ግን ለአንቱ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«እኔም ኅዳር ላይ በበጎቹ ያሳበብኩት ካንቺ ቤት ላለመግባት ነው» አሉ።

 ዛሬስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቋጠሮው ተፈታ። ባናውን ዘርግተው ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ዛሬ ቢፈረድብኝ ኖሮ አላለቅስም ነበር» አሉኝ።